ጀልባ፣ መቅዘፊያና ቢጫው ጄሪካን

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ኮልፌ)



በእጃችሁ ባለው አጀንዳ ተራ ቁጥር 5 ላይ «ጀልባ» የሚል ቃል ተጽፏል። ጠዋት ወረቀቱ ሲታደል የታይፕ ስህተት መስሏቸው «ብድር ለማለት ነው አይደል?» ብለው የጠየቁን ነበሩ። ብድር ተራ ቁጥር 4 ላይ አለ፤ ማንም አልነካውም። 5 ቁጥር ጀልባ ነው። የተሰጠንም ሃያ ደቂቃ፣ ተቆጥበን የምንረዳዳ የኮልፌ ሴቶች ከጀልባና ከመቅዘፊያ ጋር ምን እንዳገናኘን፣ ለወደፊቱስ ምን እንዳሰብን ለማስረዳት ነው።

እስቲ ከምናውቀው ውሃ እንጀምር። እኛ ውሃን የምናውቀው በክብደቱ ነው። ቢጫው ጄሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ሊትር ውሃ ደግሞ 20 ኪሎ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያፏጭ ከእንቅልፏ የማትነሳ ከመካከላችን ያለች አይመስለንም። ባል አይሰማውም፣ ልጆች አይሰሙትም፤ እኛ እንሰማዋለን። ገጠር ያደግነውማ እንስራ በጀርባችን አዝለን ከወንዝ እስከ ቤት አቀበቱን የወጣን ነን። ወንድሞቻችን በዚያው ወንዝ ሲንቦራጨቁ ውለው ዋና ለመዱ፤ እኛ ዳር ላይ ልብስ ስናጥብ አደግን። ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ «ዋና የምትችል እጇን ታውጣ» ብለን ነበር። ሁለት እጅ ወጣ። አንደኛዋ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ያደገች ናት።

ሌላው የምናውቀው ውሃ የክረምቱ ነው። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ ጥግ ተነስቶ፣ በከተማችን ምዕራብ በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። በበጋ ስታዩት ወንዝ ብሎ መጥራቱ ያሳፍራል፤ ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ ፌስታል ተሸክሞ ይንቀረፈፋል። ሐምሌ ሲገባ ግን የአንድ ሰዓት ዝናብ ሌላ ፍጥረት ያደርገዋል። ገባሮቹም እንደዚያው ናቸው፤ ጠዋት ተራምደን የተሻገርነው ቦይ ማታ መኪና ይጎትታል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ የወንዞች ዳርቻ ልማት ዕቅድ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነው። በእኛም ሰፈር ልጆች ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፉበት ቀን ቢመጣ ደስታችን ነው። እስከዚያው ግን ወንዙ ለእኛ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ልጆችን የምንቆጥርበት ምክንያት ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን ውሃ ወስዶባታል። ስሟን አንጠራም። እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጣለች፤ ነገሩን እንድናነሳው የፈቀደችልንም ራሷ ናት። ልጁ ወንዝ ውስጥ የገባው ኳስ ተከትሎ ነው። ዳር ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ ወንዱም ሴቱም ይጮህ ነበር፤ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ ግን አልነበረም። ይህን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ውሃ ለእኛ ሸክም ነው፣ ስጋትም ነው። «ጀልባ ላይ ወጥቶ መቅዘፍ ደግሞ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ በቴሌቪዥን አይተን የምናልፈው ነው» የሚል ሐሳብ ከአባላት ተነስቷል። ይህን ግን አንቀበለውም። ስለ ጣና ትንሽ እንናገር።

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ስፋቱን አይታችሁ አትፍሩት፤ ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚቀዝፈው በደንገል ታንኳ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ይጠፈራሉ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለውም፤ ጣውላ የለውም። ውሃ ይገባዋል፤ አይሰምጥም፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ውስጥ የታመቀው አየር ነውና። ቀዛፊው ሲመለስ ታንኳውን አውጥቶ፣ አቁሞ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ደንገሉ ይበሰብሳል፤ ያን ጊዜ ሌላ ይሠራል። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጡትን ታንኳዎች ያየ ሰው፣ ክምሩ ራሱ በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል።

የዚህ ሙያ ባለቤቶች በይበልጥ ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። በአገራችን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው እንዴት ሲታይ እንደኖረ እዚህ የተቀመጥን ብዙዎቻችን በቤታችን እናውቀዋለን፤ እነሱም ከዚያ የባሰ ንቀት አሳልፈዋል። ሥራቸው ግን የት እንደደረሰ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ተመራማሪ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ደንገሉ የታጨደው ከጣና ነው። ወደ ግብፅ ተጓጓዘ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ አሰሩት። «ራ» የተባለችው ያቺ ጀልባ ከሞሮኮ ተነስታ ከአትላንቲክ አብዛኛውን ከተጓዘች በኋላ መፍረስ ጀመረችና ተተወች። በዓመቱ በ1970 ሁለተኛዋ «ራ»፣ በቦሊቪያ ሠሪዎች ተሠርታ፣ በ57 ቀን ውቅያኖሱን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። ዓለም በጋዜጣ ያጨበጨበለት ተንሳፋፊ ሣር፣ ጣና ዳር በጎጆ ደጃፍ የሚሠራው የእኛው ታንኳ ዘመድ ነው። ዛሬ ያ ደንገል ራሱ እየሳሳ ነው፤ ዳርቻው ይታረሳል፤ በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ተጨምሮበታል።

ሴቶችስ? ጣና ላይ ሴት የማትገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። እዚያ የሄደች ሴት ከዳር ተሳልማ ትመለሳለች። ነገር ግን ከዳጋ አጠገብ፣ በደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ አለች፤ ያሠሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ሥዕላቸውም ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ወድቀው ሲማጸኑ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይታያል። ደሴት ነው እንግዲህ። ኖራው፣ እንጨቱ፣ የሠራተኛው ስንቅ፣ ሁሉም ውሃ ተሻግሮ ነው የደረሰው። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ሴት ይህን ያህል ነገር ሐይቅ አሻግራ አስገንብታለች፤ እኛ ስድስት ሆነን አንድ ጀልባ ላይ ብንቀመጥ የሚደንቀው ምኑ ነው?

ዓባይ ራሱ ሌላ ወሬ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን እንጂ፣ ከግንዱ በስተጀርባ መሄድ የፈለጉ ሰዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ጓድ በጎማ ጀልባ የዓባይን ሸለቆ ወረደ፤ ከመካከላቸው አንድ ወጣት ወታደር ውሃው ቀርቶበታል። በ1973 አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስ ከጓደኞቹ ጋር ኦሞን ቀዘፈ፤ ከዚያ ጉዞ በኋላ ያቋቋሙትን የጉዞ ድርጅት ሶቤክ ብለው የጠሩት በጥንት ግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም ነው፤ ኦሞ ውስጥ ምን እንዳዩ ከስሙ መገመት ነው። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ መነሻ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ 114 ቀን ቀዝፈው ደረሱ።

ከእነዚህ ሁሉ እኛን የሳበን ግን በ1999 የተደረገው ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ ኔቫዳ ዊርና ጸሐፊዋ ቨርጂኒያ ሞሬል ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የዓባይን ሸለቆ በጎማ ጀልባ ወርደዋል፤ ሞሬል በኋላ መጽሐፍ ጽፋበታለች። ሁለት ሴቶች። «እነሱ ፈረንጆች ናቸው» ትሉን ይሆናል። መልካም፤ ወደ ለንደን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዛ ከፊት የገባችው ሯጭ አልነበረችም። ያኔት ሥዩም የምትባል ዋናተኛ ነበረች። ጥሩነሽንና መሠረትን በዓይናችን ስንፈልግ ብዙዎቻችን አላስተዋልናትም።

ይህን ሁሉ ያነሳነው ዓባይ ውረዱ ለማለት አይደለም፤ ማንም እንዳይደነግጥ። የዓባይ ሸለቆ ልምድ ያላቸውን ሰዎችም የገደለ ነው። እኛ ያደረግነው በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ወንጪ ሄደን ተመለስን።

ወንጪን የመረጥነው መንገዱ በደጃችን ስለሚያልፍ ነው። የአምቦን መንገድ ይዞ ቡራዩን፣ ገፈርሳን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን አልፎ አምቦ ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ገፈርሳ ግድብ ስንደርስ ከቅጥቅጡ መስኮት ሁላችንም አንገታችንን አወጣን። ለከተማችን ውሃ ከሚሰጡት አንጋፋው እሱ ነው፤ ሌሊት የምንጠብቀው ውሃ በጠዋት ፀሐይ ተኝቶ ሲያብረቀርቅ አየነው። «አንተ ነህ እንዴ የምታስነሳን!» ያለችውን እህት ሳቁ እስከ ሆለታ አልለቀቃትም።

ዝግጅቱ ሦስት ወር ወስዷል። ገንዘቡ ከብድሩ ሣጥን አልወጣም፤ ከደጋፊዎቻችን ከመጣውም አንድ ብር አልተነካም። የሄድነው ሁላችን ቡና ስንጠጣ በየሳምንቱ ለብቻ ያጠራቀምነው ነው፤ ሒሳቡን ሒሳብ ሹማችን ታሳያችኋለች። ወሩን ጥር ያደረግነው ዝናብ ስለሌለና ልጆች የፈተና እረፍት ላይ ስለሚሆኑ ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዚያ ከሚመላለሱ ሾፌሮች አጣራን። ምሳ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጿሚውም ያልጾመውም በአንድ መሶብ እንዲበላ ሥጋውን ትተን ሽሮ፣ ጎመን፣ አዝፋ፣ ድፎ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ያዝን። ማንም ተርቦ አልተመለሰም። ልብስን በተመለከተ ከአንዳንድ ቤት «ምን ለብሰው ሊሄዱ ነው?» የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። መልሱ ቀላል ነው፤ ሱሪ፣ በላዩ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ፤ ውሃ ሲነካው ከሰውነት ጋር የማይጣበቅና እግር የማያስር። ነጠላ ብቻ ጀልባ ላይ አይሆንም፤ ንፋስ ይጫወትበታል፣ ከእግርም ይጠላለፋል።

ወንጪ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። አፋፉ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩት ሐይቁ ከታች እንደ ሳህን ተቀምጧል፤ በመካከሉ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት ይታያል። ውሃው ራሱ ወደ 2,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ ከኮልፌም ይበልጣል፤ ስለዚህ ብርድ አለ። መንደሩ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ በ«ገበታ ለሀገር» ከለሙት ሦስት ቦታዎችም አንዱ ነው። የአካባቢው ሰው በማህበር ተደራጅቶ ፈረስና ጀልባ ያከራያል። እኛ ፈረሱን ለሁለት እናቶች ተከራየን፤ ሌሎቻችን በእግራችን ወረድን።

ዳር ስንደርስ ወሬው ሁሉ ቆመ። አቀበትና ቁልቁለት የማይበግራት ሴት፣ ለሃያ ዓመት አጠና ተራ እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ እግሯን አንስታ መልሳ ታወርዳለች። ባለጀልባው ሽማግሌ ናቸው፤ አልሳቁብንም። የሕይወት አድን ጃኬቱን አንድ በአንድ አልብሰው ማሰሪያውን ራሳቸው ጎትተው አዩ። «ወደ መሃል ርገጪ፤ ከገባሽ በኋላ አትቁሚ፤ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ» አሉን። ከዚህ የበለጠ ትምህርት ለመጀመሪያ ቀን አያስፈልግም ነበር።

ለመቅዘፍ ፈቃድ ስንጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና መቅዘፊያዎቹን ሰጡን። ሦስታችን በቀኝ፣ ሦስታችን በግራ። የቀኞቹ ልብስ ሲወቅጡ የኖሩ ጠንካራ ሴቶች ነበሩ፤ ጀልባው ወደ ግራ ዞረ። ግራዎቹ ተናደውና በርትተው ሲቀዝፉ ወደ ቀኝ ዞረ። እንዲህ እየዞርን ከዳር አሥር ሜትር ሳንርቅ ብዙ ደቂቃ ቆየን፤ ዳር የቀሩት እህቶቻችን መሬት ላይ ተንከባለሉ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በቀኝ የተመታ ውሃ አፍንጫውን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ሁለቱም ወገን እኩል ኃይልና እኩል ምት ያስፈልገዋል። ምቱን ያመጣችው በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ወፍጮ ላይ የፈጨች እናታችን ናት። የወፍጮ ዜማ ጀመረች። ከወገቧ እየተወዛወዘች፣ ወፍጮ ላይ እንደምታጎነብሰው። ባለጀልባው «አዎ! ከክንድ አይደለም፣ ከወገብ ነው» አሉ። ጀልባው ተስተካከለና ሄደ።

ይህን ለጥቂት ደቂቃ እንናገርበት፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሆነው ነገር እስካሁን በቅጡ አልተነገረም። በውሃ ላይ ስትቀዝፉ ጩኸት የለም። ታክሲ የለም፣ ረዳት የለም፣ «እማዬ» የሚል የለም። መቅዘፊያው ሲገባ የሚሰማው ድምፅና ሲወጣ የሚንጠባጠበው ብቻ ነው። ለማንም ምንም የማትሠሪበት ሰዓት ነው። ከመካከላችን አንዷ «ውሃ አቅፎኝ አያውቅም ነበር፤ እኔ ነበርኩ የምሸከመው» አለች። ያ ሁሉ ውሃ ከሥራችን ሆኖ እኛን ተሸከመን። ስንወርድ ሁለት ሴቶች ያለቅሱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

ልጇን ውሃ የወሰደባት እህታችን ጀልባው ላይ አልወጣችም። ማንም አልገፋፋትም። የሁላችንን ጫማ ሰብስባ ታቅፋ ዳር ላይ ተቀመጠች። በኋላ ግን ባለጀልባውን ስታናግር አየናት። «ሰው ሲሰምጥ ምን ይደረጋል?» ብላ ነው የጠየቀቻቸው። እሳቸው ከጀልባው ኋላ በገመድ የታሰረ ባዶ ጄሪካን አንስተው አሳዩዋት። ቢጫ ጄሪካን። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ።

እኛ ሃምሳ ዓመት የተሸከምነው ዕቃ ነው። ሲሞላ 20 ኪሎ ይጎትተናል፤ ባዶ ሆኖ ሲዘጋ ግን በውሃ ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያነሳል። የሰው አካል በውሃ ውስጥ አብዛኛው ክብደቱ በውሃው ስለሚያዝ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ደረቱ ላይ ያቀፈ ትልቅ ሰው ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ ይቆያል። እጀታው ላይ ገመድ ታስሮ ከተወረወረለት ደግሞ ይጎተታል። ባለጀልባው የነገሯትን እንዳለ እንድገመው፦ ዋና የማትችይ ከሆነ አትግቢ፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ይጨብጣልና ሁለት ሰው ይሞታል። መጀመሪያ ጩኺ፤ ከዚያ እንጨት አቀብይ፤ ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሪ። ገመዱን ስትይዢ መሬት ላይ ተኝተሽ ወይም ዛፍ ይዘሽ ነው፤ ቆመሽ ከሆነ ይዞሽ ይገባል። የሚፈስ ወንዝ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ካለበት ትንሽ ቁልቁል ወርደሽ ጠብቂው።

ከወንጪ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ ይህችው እህታችን ሁለት ሐሳብ ይዛ መጣች። ሁለቱም ዛሬ በ5 ቁጥር ሥር ለውሳኔ ቀርበዋል። የመጀመሪያው፣ ከክረምት በፊት፣ በወንዝና በቦይ ዳር ቤት ያላቸው አባሎቻችን በአጥራቸው ላይ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ከ15 ሜትር ገመድ ጋር እንዲሰቅሉ ነው። ለውሃ እንዳይወሰድ በቀይ ቀለም መስመር ይሰመርበታል። ልጆቻችን «የቀዩ ጄሪካን» የት እንዳለ እንዲያውቁ በየቤቱ ይነገራል። ወጪው ገመዱ ብቻ ነው። በጎርፍ ላይ ይህ ዋስትና እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፤ ክረምቱ ከበረታ የሚበልጠው ልጅን ከዳር ማራቅ ነው።

ሁለተኛው የዋና ትምህርት ነው። ለልጆቻችን፣ ሴቶቹ ልጆች ከወንዶቹ እኩል፣ ለሚፈልጉ እናቶችም ለብቻቸው በሴት አሠልጣኝ። የመዋኛ ገንዳ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ የሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቀን ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ ለጥፈናል። ለዚህ ከደጋፊዎቻችን እርዳታ እንጠይቃለን። ክቡራን እንግዶቻችን፣ በሪፖርት ቅጻችሁ ላይ «ዋና» የሚል ሣጥን እንደሌለ እናውቃለን፤ ባለፈው የስፌት መኪናዎቹን «ኑሮ ማሻሻያ» ውስጥ ነው ያስገባነው። ይህን ግን እዚያ ውስጥ መደበቅ አልፈለግንም። በስሙ ጽፈን አቅርበነዋል።

ሦስተኛው የእኛ የኮሚቴዎቹ ሐሳብ ነው፤ በየዓመቱ በጥር አንድ ጊዜ ወደ ውሃ መውጣት። ከዚህ ላይ ነው ተቃውሞው የበዛው፤ በቅንነት የቀረበ ተቃውሞም ነው። «ልጇን ምሳ ሳትቋጥርለት ትምህርት ቤት የምትልክ አባል እያለች እኛ ሽርሽር?» ተብሏል። እንዲህ ያለች አባል አለች፤ ለእሷ ያለው ሣጥን ሌላ ነው፤ እሱም አይነካም። ነገር ግን ሴት ከደከማት በኋላ የሚያርፍባት ነገር ሁሉ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤትና የታመመ መጠየቅ ሲሆን አይተናል፤ እነሱም ቢሆኑ ወጥ በመሥራት ነው የሚያልፉት። የመሄድ አቅም ለሌላት በየወሩ 20 ብር ከሚከፍሉት ፈቃደኞች ሣጥን የትራንስፖርቱ ግማሽ ይሸፈንላታል። የማትፈልግ አትሄድም፤ ለምን ቀረሽ አትባልም።

የት እንደምንሄድ ገና አልወሰንንም። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ ሐይቆቹ ግን ዳራቸው ገደል፣ ውሃቸው ጥልቅ ነው፤ ከነአሠልጣኝ ካልሆነ አንመክርም። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከብልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ይታወቃል፤ ዳሩም እየዘለቀ የሚሄድ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ዝዋይ የደንገል ታንኳ ያለበት፣ ደሴቶችም ያሉት ቆንጆ ሐይቅ ነው፤ ግን ጉማሬ አለበት፣ በዳርቻው ብልሃርዝያም ስላለ እግር መንከር አይመከርም። ጫሞና አባያን አዞ ስላለባቸው ለጊዜው እንርሳቸው። የትም ብንሄድ ሕጋችን አንድ ነው፤ ጠዋት እንቀዝፋለን፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ ከውሃ እንወጣለን። ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ማንም አትወጣም፤ ኪራዩ ተከፍሎ ቢሆንም እንኳ ትተነው እንመለሳለን። ከስድስት ሰው በላይ አንጫንም። የጠጣ ሰው አይቀዝፍም፤ ይህን የጻፍነው ባሎቻችን አብረውን እንዲመጡ ከተወሰነ ብለን ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው፤ ሦስቱ ሐሳቦች ለየብቻ ይቀርባሉ፤ አንዱን ደግፋችሁ ሌላውን መቃወም ትችላላችሁ። እስከዚያው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለናሙና ያመጣናቸው ሁለት የሕይወት አድን ጃኬቶች አሉ፤ አንዱ የትልቅ ሰው፣ አንዱ የልጅ። ልበሷቸው፤ ማሰሪያውንም ጎትታችሁ እዩት። ያቺ እህታችን ጠረጴዛው ጋ ቆማለች፤ ጄሪካኑም ከነገመዱ አጠገቧ ነው፤ እንዴት እንደሚወረወር በግቢው ታሳያችኋለች።